ከቦሌ እስከ ሞስኮ በእትዬ አስካለ ክር

ከአዲስ አበባ እስከ ሞስኮ ያለው የአየር መንገድ እኔን ያስወጣኝ አንድ ጣሳ ሙሉ ብይ፣ አንድ ምሳና አንድ መክሰስ ነው። አውሮፕላኑ ላይ ግን አልተሳፈርኩም። ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ከናዝሬት ውጪ አየሁ የምለው አገር ቢኖር በአንድ በኩል ሞጆ፣ በሌላ በኩል ደራ ነበር።

ነገሩን የሚያስታውሰኝ የአውሮፕላን ወንበር ጀርባ ላይ ያለችው ስክሪን ናት። የውሃ ፓምፕ ላመጣ ወደ ቻይና፣ ጓንዡ በሄድኩ ቁጥር ፊት ለፊቴ ትበራለች። ትንሽ አውሮፕላን ተስሎባት፣ የተሄደው መንገድ በመስመር ተሰምሮ፣ ስንት ኪሎ ሜትርና ስንት ሰዓት እንደቀረ ከሥሩ ይነበባል። አጠገቤ ያለው ሰው ፊልም ያያል፤ እኔ መስመሩን አያለሁ። ለእኔ መስመር አይደለም። ቀይ የልብስ ክር ነው።

ልጅ እያለሁ ናዝሬት ውስጥ አውሮፕላን ማለት የጦር ጄቱ ሚግ ነበር። ከደብረ ዘይት ተነስቶ ገና ቀና ሳንል አናታችን ላይ ያልፋል፤ ድምፁ ከኋላው ይደርሳል። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ የጋሪ ፈረሶች ይደነብራሉ፣ ባለጋሪው መንግሥትን መስደብ ስለማይችል ፈረሱን ይሰድባል። እኛ ልጆቹ ደግሞ ሰማይ ላይ የቀረችውን ነጭ ጭረት እያየን ፍጥነቱን እንከራከራለን። እናቱ ምን ወጥ እንደሠራች የማያውቅ ልጅ ሚግ በሰዓት ስንት እንደሚበር ያውቅ ነበር።

ግቢያችን የፓፓያ ቅጠል፣ የፈረስ ፋንድያና የአዲስ ካኪ ጨርቅ ይሸት ነበር። ካኪው የእትዬ አስካለ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ወንድ ልጆቻቸውን ያሳደጉት የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋት ነው። በረንዳቸው ላይ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮሁታል። ድምፁ ከቆመ ወይ ደንበኛ መጥቷል ወይ ክር ተበጥሷል ማለት ነው። ሌላም የሚያስቆማቸው ነገር ነበር፤ ስኳር ነበረባቸው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆኖ እኛ ሕብረት ሱቅ ለግማሽ ኪሎ ስኳር ስንሰለፍ፣ እትዬ አስካለ ሳይፈልጉት ደማቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ጠዋት ጠዋት መርፌያቸውን ይወጋሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደግሞ ደጋግማ ያስጠነቀቀቻቸው አንድ ነገር ነው፤ መርፌውን ወግተው ሳይበሉ ከዋሉ ራሳቸውን ስተው ይወድቃሉ፣ ላይነሱም ይችላሉ። አንድ ቀን ደንበኛ በዝቶባቸው ምሳ ረስተው መኪናው ላይ ሲደፉ ሁላችንም አይተናል።

ትንሹ ልጃቸው ሰለሞን የእኔ ዴስክ ተጋሪ ነበር። በሒሳብ የሚስተካከለው የለም። እኔ ሒሳብ የምችለው ትርፍ ሲኖረው ብቻ ነው። ብይ በቆርኪ፣ ቆርኪ በሸንኮራ፣ ሸንኮራ መልሼ በብይ እየለወጥኩ የዱቄት ወተት ጣሳ እስከ አፉ ሞልቼ ነበር። ከውስጧ አንዲት ነበረች፣ ሆዷ ውስጥ አረንጓዴ ቅጠል የታሰረባት የምትመስል፣ በዕድሜዬ ሁሉ እንደሷ የሚያምር ሸቀጥ ይዤ አላውቅም። ጣሳዋን በብብቴ ሸጉጬ ስሄድ ስለምትንቋቋ ሰፈሩ ሳያየኝ ያውቀኛል። እትዬ አስካለም ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «ነጋዴው መጣህ?» ይሉኛል።

ትልቁ ልጃቸው ታደሰ የመስኖ ምህንድስና እንዲማር ሞስኮ የተመደበ ጊዜ ግቢው ግማሹ ዘፈነ፣ ግማሹ አለቀሰ። እትዬ አስካለ አልዘፈኑም፣ አላለቀሱም። አንድ ጥያቄ ብቻ ያገኙትን ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ፤ «ስንት ሰዓት ነው አየር ላይ የሚቆየው?» መልስ ያለው ጠፋ። የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ ተጠይቆ የሶሻሊስት አውሮፕላን እንደማይወድቅ አረጋገጠላቸው እንጂ ሰዓቱን አልነገራቸውም። እናቴ አንድ ቀን ነው አለች። አንድ ጎረቤታችን ሦስት ቀን ነው አሉ፤ እሳቸው አሰብ በጭነት መኪና ከሄዱበት ተነስተው ነው።

በመጨረሻ ሰለሞንና እኔ ልንለካው ተነሳን። ከእትዬ አስካለ ጥቅል አንድ ክንድ ያህል ቀይ ክር ቆርጠን በእረፍት ሰዓት የጂኦግራፊ ክፍል ገባን። ግድግዳው ላይ ያለው የዓለም ካርታ ጠርዙ በአይጥ ተበልቷል፤ ደግነቱ ሞስኮ መሐል አካባቢ ናት። እኔ የክሩን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣቴ ያዝኩ፣ ሰለሞን ዴስክ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ሳበው። ሞስኮ ከአዲስ አበባ ቀጥ ብላ በስተሰሜን ናት፤ ክሩ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላለም። ከካርታው ግርጌ ካለው መለኪያ ጋር ስናስተያየው ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በለጠ። ሰለሞን በጠመኔ ዴስኩ ላይ አካፈለው። በምን አካፈለው? ሁላችንም በምናውቀው በሚግ ፍጥነት ነዋ! ሁለት ሰዓት ተኩል ወጣ።

ማካፈሉ ላይ ስህተት አልነበረም፤ አሁንም ቢታረም ሙሉ ማርክ ያገኛል። በዚያ ዘመን ከናዝሬት አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ፍተሻው ሲጠና፣ ከዚያ የማይተናነስ ይፈጅ ነበር። በእኛ ሒሳብ ታደሰ ቦሌ ለመድረስና ከቦሌ ሞስኮ ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ እኩል ሆነ። ማንም አልገረመውም። ሚግ ሲያልፍ ያየ ሰው ምን ይገርመዋል?

እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ታደሰ ወደ አዲስ አበባ በተሸኘበት ቀን፣ ቁም ሳጥን የሚያክል ሻንጣው ጋሪ ላይ ከተጫነ በኋላ፣ በሰው ሁሉ ፊት እጃቸውን ወደ ቁልቢ አቅጣጫ ዘርግተው ተሳሉ። «የቁልቢው ገብርኤል፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ልጄ ከመሬት ከተነሳ ጀምሮ እግሩ መልሶ መሬት እስኪረግጥ ድረስ እህል ውሃ በአፌ አይዞርም!» ታደሰ ሳቀ። «እማዬ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል እኮ ነው፤ ለምሳሽ ትደርሺያለሽ» አላቸው። እሳቸውም ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን። ስለቱ በታወቀ ዋጋ የተገዛ ስለነበር ማንንም አላሰጋም።

እኔን የቆረቆረኝ ጋሪው ከሄደ በኋላ ነው። ታደሰ ሲሰናበት እግረ መንገዱን፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ምግብ እንደሚቀርብላቸው የላኳቸው ሰዎች እንደነገሯቸው አውርቶ ነበር። ይህን እያላመጥኩ ቀረሁ። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሰውን ሁለት ጊዜ የሚያበላ ማን ነው? ስኳር በካርድ በሚታደልበት ዘመን? ዋጋው ከመጠን በላይ የረከሰ ዕቃ ሳይ ዛሬም እንደዚያ ነው የሚሰማኝ፤ አንድ ያልተነገረኝ ነገር አለ ማለት ነው።

ከሰፈራችን ሞስኮን ረግጦ የተመለሰ አንድ ሰው ነበር፤ የብይ ጓደኛችን የዳዊት አባት። ስድስት ወር ተምረው የመጡ ካድሬ ናቸው። ልጅ ቀርቶ አዋቂም በራቸውን አያንኳኳም፤ አንድ ነገር ከጠየቋቸው አሥር ነገር ነው የሚጠይቁት። በዳዊት በኩል ካልሆነ መንገድ የለም። ዳዊት ደግሞ ብይ የሚጫወተው እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው። አጥራቸው ሥር አገኘሁትና ጉዳዬን ነገርኩት።

«አባቴን መጠየቅ በነጻ አይደለም» አለኝ።

«ስንት?»

«ጣሳዋን።»

«ሩቡን ውሰድ።»

«ሞስኮ ሩቅ ነው፣ ጌቱ።»

«እሺ ግማሹን። ቅጠሏን ግን አልጨምርም።»

«ቅጠሏ ከሌለችበትማ ድንጋይ ነው የምትሰጠኝ። ተወው በቃ፣ ለእትዬ አስካለ ሚግ ነው በላቸው።»

የተቸገረ ገዢ ዋጋውን ፊቱ ላይ ለጥፎ ነው የሚመጣው። ዳዊት አነበበኝ። ጣሳዋን ከነክዳኗ አስረከብኩት፤ ሲቀበለኝ ነቅነቅ አድርጎ ድምጿን ሰማ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ኪሳራ አይቻለሁ፣ እንደዚያ የጮኸ ግን የለም።

የዳዊት አባት በረንዳቸው ላይ ጫማቸውን እየቦረሹ ነበር። ሚግ የሚለውን ሲሰሙ ብሩሹን አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ካድሬ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ልጆች፣ ሚግ እኮ ተሳፋሪ አይጭንም! የተሳፋሪው ዝግ ያለ፣ ሆዳም ነገር ነው። ከቦሌ ኤደን ይወርዳል፣ ነዳጅ ይቀዳል። ከኤደን ካይሮ፣ እዚያም ይቀዳል። ከካይሮ ነው ሞስኮ። ጠዋት የተነሳ ሰው ምሽት ነው የሚገባው።» እኔም የከፈልኩበት ነውና ጨምሬ ጠየቅኩ፤ «ነዳጅ ሲቀዳ ሰዉ ይወርዳል?» «እንዴታ! ሜዳው ላይ አውርደው ያቆሙሃል፤ የኤደን ሙቀት ናዝሬትን በረዶ ነው የሚያሰኝህ» አሉኝ። አመስግኜ ሮጥኩ።

ለሰለሞን ነገርኩት። ታደሰ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ስልክ የለ፣ ምን የለ። ሁለታችን ሄደን ለእትዬ አስካለ እቅጩን ነገርናቸው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን ከጠዋት እስከ ምሽት ነው አልናቸው። ካኪውን አጣጠፉ። ሰለሞን፣ «እማዬ ተይው፣ ሳታውቂ ነው የተሳልሽው» አላቸው። «ስለት እንደ ሱቅ ዕቃ አልተስማማኝም ተብሎ ይመለሳል?» አሉት። እናቴ መጥታ ለመነቻቸው፤ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲማከሩ ነገረቻቸው። «ለአባ አይደለም የተናገርኩት። አየር ላይ ሆኖ ልጄን የሚይዘው ማን ሆነና ነው ቃሌን የማጥፈው?» አሉ። 

በማግስቱ እንደ ልማዳቸው መርፌያቸውን በጠዋት ወጉ። ትንሽ ቁራሽ ዳቦ ቀመሱ፣ ጭንቀቱ አላስበላቸውም። ሦስት ሰዓት ሲሆን አፋቸውን አበሱና መኪናቸው ላይ ተቀመጡ። እኛ የጠዋት ፈረቃ ነበርን፤ ያን ቀን የተማርነውን ማን ያውቃል? ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ግቢ ስንደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ የለም።

እትዬ አስካለ ከመኪናው አልተነሱም። ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል፤ እጃቸው መርፌው ሥር ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ሲሰፉት የነበረው ኪስ ከሸሚዙ ጀርባ ላይ ተሰፍቷል። ወተት የሚያመጡልን አዴ ጫልቱ አንድ ኩባያ ወተት ይዘው አጠገባቸው ቆመዋል። «ዹጊ፣ ዹጊ ያ አስካለ፣ ጠጪ! ገብርኤልም እናትን ያውቃል!» ይሏቸዋል። እትዬ አስካለ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰለሞን እግራቸው ሥር ተደፍቶ ያለቅሳል። እናቴ ነርሷን ልትጠራ ሮጣለች፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ከተማው ማዶ ነው።

ክሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ዕቃ የመጣል ልማድ የለኝም። የልብስ ቁልፍ ሳጥናቸውን ከፈትኩና አራት ቁልፍ አውጥቼ ካኪው ላይ ደረደርኩ።

«እትዬ፣ ይሄ ቦሌ ነው። ይሄ ኤደን። ይሄ ካይሮ። ይቺ ሞስኮ» አልኳቸው፤ ክሩንም በአራቱ ላይ አጣመምኩት። ቀጥ ያለው መንገድ ተጣመመና ክሩ አጠረ፤ ሞስኮን ጠጋ ማድረግ ግድ ሆነ። «ምን ብለው ነው የተሳሉት?»

«እግሩ መሬት እስኪረግጥ» አሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ ነው የሚመጣው።

«እግሩ ኤደን ላይ መሬት ረግጧል። ለነዳጅ አውርደዋቸዋል። ከረገጠ ቆይቷል። ስለትዎ እዚህ ጋ አልቋል» አልኩና በመቀሳቸው ክሩን ኤደን ላይ ቆረጥኩት።

«አሁንስ? አሁን አየር ላይ አይደል?»

«ከኤደን ወዲያ ላለው አልተሳሉም። እህል ውሃ ያሉት ለዚህ ነው» ብዬ የተቆረጠችውን አጭሯን ክር መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። «የቀረውን ከፈለጉ ከበሉ በኋላ እንደ አዲስ ይሳላሉ። ረጅም ጨርቅ በአንዴ የሚሸጥ ማን ነው? ተቆርጦ ነው እንጂ።»

ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ክሯን። ከዚያ እንደገና እኔን፣ ከራስ እስከ እግሬ፣ አንድ ነገር የጎደለብኝ ይመስል ብብቴን ጭምር። «ከገብርኤል ጋር እንደ ሸንኮራ ትከራከርልኛለህ፣ አንተ ሌባ!» አሉና ለአዴ ጫልቱ እጃቸውን ዘረጉ።

ወተቱን ጠጡ። ዳቦ በሉ። ነርሷ ከእናቴ ጋር ስትደርስ ላባቸው ደርቆ፣ ቀለማቸው ተመልሶ ኪሱን ከጀርባ እየፈቱ ነበር። ከመንደሩ ሁሉ ረጅሙን ትንፋሽ የተነፈሰው ሰለሞን ነው።

ግን እትዬ አስካለም ነጋዴ ናቸው። የመጨረሻዋን ፍርፋሪ እንደዋጡ ወዲያው ከኤደን እስከ ካይሮ ላለው አዲስ ስለት ተሳሉ፤ እኔንም ጨመሩበት። «የቆረጥከው አንተ ነህ፣ አብረኸኝ ትጾማለህ። ካይሮ በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። በግምት አሥር ሰዓት አልኳቸው። ምሳዬን ታናናሽ ወንድሞቼ እያየሁ በሉት፤ እናቴ ደግሞ፣ «ቃል የገባውን ልጅ አታስቱት» ብላ አጎረሰቻቸው። አሥር ሰዓት ላይ ክሩን ካይሮ ላይ ቆርጠን እትዬ አስካለ ሽሮ በዳቦ፣ እኔ የእሳቸውን ግማሽ በላን። መክሰሴ ደግሞ ከካይሮ በኋላ ባለው ስለት ውስጥ ገብታ ቀረች። ከመሸ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ የዳዊት አባት በግቢያችን በር ሲያልፉ ራሳቸው ገብተው፣ «አሁን ገብቷል፣ እራታችሁን ብሉ» አሉ። እትዬ አስካለ ሦስቱን ቁራጭ ክሮች ጫፍ ለጫፍ አሰሯቸውና ወደ ቁልፍ ሳጥናቸው መለሷቸው።

ታደሰ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ እኔ ጺም አውጥቼ ነበር። አንድ እሑድ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ስለዚያ ጉዞ እያወራ፣ ኤደን ላይ ሰዓት ሙሉ በሩ ተዘግቶባቸው በሙቀት ሊያልቁ እንደነበር ነገረን። በዚያን ቀን አንድ ተሳፋሪ እንኳ እንዲወርድ አልተፈቀደም። ካይሮም እንደዚያው። «እግራችን መሬት የነካው ሞስኮ ነው» አለ እየሳቀ።

ቀስ ብዬ ወደ እትዬ አስካለ ዞርኩ። መርፌ ውስጥ ክር እያስገቡ ነበር፤ እጃቸው አልተዛነፈም።

«ምን ታየኛለህ? ያኔም አላመንኩህም» አሉኝ። «ኤደን ላይ መውረዱን በምን አውቄ ነው የማምንህ? ያን ቀን ግቢ ስትገባ ድምፅህ አልተሰማኝም። ጣሳህ የለም። ሰለሞን በዋዜማው ማታ ነግሮኛል፣ የት እንደሄደ። ያን ሁሉ አውጥቶ የመጣ ልጅ ፊት አልበላም ማለት ነውር መሰለኝ።»

«ገብርኤልስ?»

«እሱ ጋ ቁልቢ ድረስ ሄጄ ዣንጥላ ሰጥቼ ተስማምተናል። አንተ በእኛ መሐል ምን አገባህ?»

ዛሬ ከአዳማ ቦሌ በፈጣኑ መንገድ ከሰዓት በላይ አይፈጅም። የእኔ አውሮፕላን የት እንደደረሰ ሚስቴ ስልኳ ላይ ታየዋለች፤ ጎማው መሬት ሳይነካ «ገባህ?» የሚል መልእክት ይጠብቀኛል። ርቀቱ እስከ መጨረሻዋ ኪሎ ሜትር፣ ሰዓቱ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይታወቃል። የሚያስቸግር ነገር የለውም። አንዳንዴ ብቻ፣ ስክሪኗ ላይ ያለው ቁጥር ሲቀንስ እያየሁ፣ እታች ያለው ሰው ሁሉ ምሳውን በሰዓቱ መብላቱ ትዝ ይለኛል። እኔም ትሪዬን ተቀብዬ እበላለሁ።

የወጣ፦ አንድ ጣሳ ብይ ከነቅጠሏ፣ አንድ ምሳ፣ አንድ መክሰስ። የገባ፦ እትዬ አስካለ፣ ከዚያ በኋላ የኖሩት ሃያ ሁለት ዓመት።